«ሃይ»፣ «ሄሎ» ወይስ «ዲር»? ለሥራ ባልደረባ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ሰላምታ ስለ መምረጥ

የኢሜይሉን ጉዳይ በአምስት ደቂቃ ጽፎ ጨርሶ የመጀመሪያዋ መስመር ላይ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሰው ብዙ ነው። «ዲር» ልበል ወይስ «ሃይ»? ስሙ ብቻ ይበቃል ወይስ «ሚስተር» ይጨመርበት? አለቃዬ «ሄይ» ብሎ ከጻፈልኝ እኔም «ሄይ» ብዬ ልመልስ? ጥያቄዎቹ ትንንሽ ቢመስሉም ተቀባዩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ያችን መስመር ነውና መጨነቁ ያለ ምክንያት አይደለም።

ለቸኮለ አንባቢ መልሱን ላስቀድም፦ «ሃይ» ብለው የሰውየውን የመጀመሪያ ስም ካስከተሉና ኮማ ካደረጉ አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳቱም። ለእኩያዎም፣ ለአለቃዎም፣ ለሌላ ክፍል ሠራተኛም ይሆናል። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህ የማይሆንባቸውን ቦታዎች ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚስተው ከልክ በላይ በማክበር ነው፤ በድፍረት የሚስተው ጥቂት ነው። በአማርኛ አክብሮቱ ግሱ ውስጥ አለ፤ «ይላኩልኝ» ካልን «እርስዎ» ማለት እንኳ አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ለትልቁም ለትንሹም «ዩ» ብቻ ስላለው፣ ጸሐፊው የጎደለበትን አክብሮት ሁሉ ሰላምታው ላይ ይከምረዋል። «ሪስፔክትድ ሰር»፣ «ዲር ኦነረብል ማናጀር» የሚባሉት የሚመጡት ከዚህ ነው። እንግሊዝኛ አክብሮቱን የሚያኖረው ሌላ ቦታ ነው፦ «ሰንድ ሚ» ከማለት «ኩድ ዩ ሰንድ ሚ» በሚል አጠያየቅ፣ ለመልሱ በቂ ጊዜ በመስጠት፣ ጉዳዩን ሳያንዛዙ በመንገር። ሰላምታው የሚያሳየው በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን ርቀት ነው። ስለዚህ ሲመርጡ «ሰውየው ምን ያህል ትልቅ ነው?» ብለው ከመነሣት ይልቅ «ምን ያህል እንተዋወቃለን? የምጽፈውስ ምን ያህል ከባድ ነገር ነው?» ብለው ቢነሡ ይሻላል።

ሦስት ልማድ በአንድ ሣጥን

ኢሜይል ሦስት ወላጆች አሉት ማለት ይቻላል። አንዱ ደብዳቤ ነው፤ «ዲር» የመጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛው ንግግር፣ በተለይም የስልክ ንግግር ነው። ስልክ በተፈለሰፈ ሰሞን አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሰዎች ሲያነሡት «አሆይ» እንዲሉ ይፈልግ ነበር፤ ቶማስ ኤዲሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1877 በጻፈው ደብዳቤ «ሄሎ» የሚለውን ሐሳብ አቀረበ፤ የጸናውም የኤዲሰን ቃል ሆነ። ሦስተኛው የመሥሪያ ቤት የውስጥ ማስታወሻ ነው። ከላይ ለማን፣ ከማን፣ መቼ፣ ስለ ምን የሚለው ይሞላና ያለ አንዳች ሰላምታ ወደ ነገሩ ይገባል። የኢሜይል ራስጌ ዛሬም የዚህን ማስታወሻ መልክ እንደያዘ ነው።

ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያውን ኢሜይል በኮምፒውተር መረብ ከላከ ወዲህ እነዚህ ልማዶች በአንድ የመልእክት ሣጥን ውስጥ አብረው ኖረዋል። አንዱ ባልደረባ «ዲር» ሲል፣ ሌላው «ሃይ» ሲል፣ ሌላኛው ደግሞ ሰላም እንኳ ሳይል ሲጀምር ያ ሰው ጨዋ ነው ወይም ባለጌ ነው ብሎ ለመፍረድ አይቸኩሉ። የለመደው የጽሑፍ ዓይነት ይለያይ ይሆናል።

«ሃይ»፣ «ሄሎ» እና «ዲር» ሲነጻጸሩ

«ሃይ» በድሮ የእንግሊዝኛ ትምህርት ለጓደኛ ብቻ እንደሚባል ተምረን ይሆናል። አሁን እንዲያ አይደለም። እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው መሥሪያ ቤቶች ቃሉ ቅርበትም ርቀትም የማይሰማበት፣ ማንም ለማንም የሚጽፈው ሆኗል። አዲስ ሠራተኛ ለዋና ሥራ አስኪያጁ «ሃይ ሊንዳ» ብሎ ቢጽፍ፣ በድርጅቱ በስም መጠራራት የተለመደ እስከሆነ ድረስ፣ ማንም ቅንድቡን አያነሣም። የሚያበላሸው ቃለ አጋኖው ነው። «ሃይ ሊንዳ!» የምሥራች ላለበት መልእክት ያምራል፤ ዘግይቶ ስለቀረ ሪፖርት ለሚጠይቅ መልእክት ግን ፈገግ ብሎ የመገሠጽ ዓይነት ስሜት ይሰጣል። ኮማ ይበቃል። በሰዋስው መጻሕፍት ከ«ሃይ» በኋላም፣ ከስሙ በፊት፣ ኮማ እንዲገባ የሚሉ አሉ። ደንቡ ልክ ነው፤ ሆኖም በኢሜይል ውስጥ ይህን የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢተዉትም የሚወቅስዎት የለም።

«ሄሎ» ከ«ሃይ» በአንድ እርምጃ ብቻ ይርቃል። ከዚህ በፊት ተጻጽፈው ለማያውቁት፣ ግን በአንድ ድርጅት ወይም በአንድ ፕሮጀክት ለሚያገናኝዎት ሰው ጥሩ ነው። የተቀባዩ ስም ካልታወቀም «ሄሎ» ብቻውን መቆም ይችላል፤ ለምሳሌ ለቴክኒክ ድጋፍ ክፍል የጋራ አድራሻ ሲጽፉ። «ሃይ» ብቻውን ሲቆም ግን ያልተጨረሰ ይመስላል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁልጊዜ «ሃይ ማርክ» ሲሉት የኖሩትን ሰው ድንገት «ሄሎ ማርክ» ቢሉት ማርክ ምን አጠፋሁ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሰዎች ቃሉን ብቻ አያነቡም፤ ከትናንትናው ጋር ያለውን ልዩነትም ያነባሉ።

ወደ «ዲር» እንምጣ። ቃሉ በሰላምታነት ሲገባ የፍቅር ትርጉሙ አብሮት አይገባም፤ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤትም ዕዳ ሲጠይቅ «ዲር» ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ለተቃራኒ ጾታ ባልደረባ «ዲር» ብዬ ብጽፍ ምን ይባላል ብሎ መሥጋት አያስፈልግም። ሥጋቱ የሚያስፈልገው ስሙ ሲጎድል ነው። «ሃይ ዲር»፣ «ሄሎ ዲር»፣ «ማይ ዲር» ከተባለ የፍቅር ትርጉሙ ተመልሶ ይመጣል፤ ለሥራ ባልደረባ፣ በተለይም ለሴት፣ ቢያንስ ንቀት ሲብስም ማሽኮርመም ይመስላል። ለብዙ ሰው «ዲርስ» ብሎ መጻፍም ከተለመዱት ስሕተቶች አንዱ ነው፤ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ሰላምታ የለውም።

«ዲር» ከመጀመሪያ ስም ጋር ሲሆን ቦታው እንደ መሥሪያ ቤቱ ይለያያል። በዩኒቨርሲቲዎች፣ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ በብሪታንያና በአህጉራዊ አውሮፓ ብዙ ቢሮዎች የዕለት ተዕለት ሰላምታ ነው። በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ግን የጠበቃ ደብዳቤ ይመስላል። የትም ቢሆን «ዲር» የተሻለ የሚሆንባቸው ጉዳዮች አሉ፦ የሥራ መልቀቂያ፣ መደበኛ ቅሬታ፣ የደመወዝ ወይም የዕድገት ጥያቄ፣ በሰው ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ማንኛውም ጽሑፍ። የሐዘን መግለጫም እዚህ ውስጥ ይገባል። ቤተሰብ ለሞተበት ባልደረባ «ሃይ» ብሎ መጀመር ምንም ያህል ብትቀራረቡ ጆሮ ይቆረቁራል፤ «ዲር ዴቪድ» ግን ቆም ብለው እንደጻፉለት ይነግረዋል።

ሥርዓተ ነጥቡን ለሚፈልግ፦ ብሪታንያውያን ከሰላምታው በኋላ ኮማ ያደርጋሉ፤ አሜሪካውያን በመደበኛ የሥራ ደብዳቤ ላይ ኮለን ያደርጋሉ፣ በቀለል ያለው ላይ ኮማ። በብሪታንያ ልማድ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ብሎ የጀመረ «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ብሎ፣ ስም ጠርቶ የጀመረ ደግሞ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ብሎ ይጨርሳል። ለባልደረባ ሲጻፍ ግን የመጀመሪያው ጥንድ ጭራሽ አያስፈልግም፤ የባልደረባዎን ስም ማወቅ ይጠበቅብዎታል።

«ሄይ»ና ሌሎቹ

«ሄይ» አብሮዎት ለሚቀልድ እኩያ ነው። የሚያስከፋቸው ሰዎች አሉ፣ የማያስከፋቸው ይበዛሉ፤ ችግሩ ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይጽፉ በፊት አለማወቅዎ ነው። አለቃዎ ከጀመረው መመለስ ይችላሉ፤ ግን «ሃይ» ብለው ቢመልሱለትም አንዳች አያጡም።

«ጉድ ሞርኒንግ» ሞቅ ያለና ጨዋ ሰላምታ ነው። ጉዳቱ ሰዓቱን ይዞ መሄዱ ነው። ጠዋት ጽፈውት ባልደረባዎ ከምሳ በኋላ ቢያነበው፣ ወይም እሱ ያለበት አገር መሽቶ ቢሆን፣ ከቦታው የወጣ ይሆናል። በአንድ ሕንጻ ውስጥ ለምትሠሩ፣ ወይም ወዲያው ለሚነበብ ቻት ይስማማል፤ በተለያየ የሰዓት ክልል ላሉ ሰዎች ግን «ሃይ» ወይም «ሄሎ» ከጣጣው ያድናል። አደራ፣ «ጉድ ኢቭኒንግ» ሲገናኙ ነው፤ «ጉድ ናይት» ግን የመሰነባበቻ ብቻ ስለሆነ በምንም ሰዓት ኢሜይል አይጀመርበትም። «ጉድ ዴይ» በአሜሪካና በብሪታንያ ያረጀ ነው፤ አንዳንዴም ተቆጥቶ የሚሄድ ሰው ስንብት ይመስላል።

«ግሪቲንግስ» ማስታወቂያ ይሸታል። «ሪስፔክትድ ሰር» በሕንድና በፓኪስታን እንግሊዝኛ ውስጥ የተለመደ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለ አንባቢ ግን ግራ ይጋባል። «ቱ ሁም ኢት ሜይ ከንሰርን» ማን እንደሚያነበው ለማይታወቅ የምስክር ወረቀት ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ በስም ለሚያውቁት ሰው ሊላክ አይገባም።

ስሙ ላይ ያለው ጣጣ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰዎች የሚቀየሙት በ«ሃይ»ና በ«ዲር» ልዩነት ሳይሆን በስማቸው ነውና።

በጣም የሚዘወተረው ስሕተት ማዕረግን ከመጀመሪያ ስም ጋር ማያያዝ ነው። በእንግሊዝኛ «ሚስተር»፣ «ሚዝ»፣ «ዶክተር» የሚከተላቸው የቤተሰብ ስም ነው። ዴቪድ ብራውን የሚባል ሰው «ሚስተር ብራውን» ወይም «ዴቪድ» ነው፤ «ሚስተር ዴቪድ» የለም። «ሰር ዴቪድ» ቢሉት ደግሞ ይባስ ብሎ የብሪታንያ ዘውድ የሰጠው የክብር ማዕረግ ያለው ሰው ያደርጉታል። «ኢንጂነር» እና «ማናጀር» የሚሉትም በእንግሊዝኛ የሥራ ስሞች እንጂ መጠሪያ ማዕረጎች አይደሉም። «ዶክተር» እና «ፕሮፌሰር» ግን ይሆናሉ፤ ሰውየው ራሱ በስሜ ጥሩኝ እስኪል ድረስ አለመተዉ ይመረጣል።

ለሴት ባልደረባ ከ«ሚስ» እና ከ«ሚስስ» ይልቅ «ሚዝ» ነው የሚሻለው። ሁለቱ ማግባትና አለማግባቷን ይናገራሉ፤ ያ ደግሞ የሥራ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ እንደ ተራ ነገር ብናየውም የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንኳ «ሚዝ» የሚለውን መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ጾታ የማይለይ መጠሪያ ለሚመርጡ ሰዎች ደግሞ «ሚክስ» አለ፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2015 ተቀብሎታል።

ከስሙ ተነሥተው ጾታ አይገምቱ። አንድሬያ እና ኒኮላ በጣሊያን ወንዶች ናቸው፤ በእንግሊዝ ሴቶች። ዣን በፈረንሳይ ወንድ ሆኖ ሳለ ያው አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ጂን ተብሎ ተነብቦ የሴት ስም ይሆናል። ያላረጋገጡ ከሆነ ሙሉውን ስም መጻፍ መውጫ መንገድ ነው፦ «ዲር አንድሬያ ሮሲ»። ትንሽ የማሽን ጽሑፍ ቢመስልም ሴቷን «ሚስተር» ከማለት በብዙ ይሻላል።

የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሆነም አይገምቱ። ቻይናውያን፣ ኮርያውያን፣ ጃፓናውያንና ሃንጋሪያውያን በየቋንቋቸው የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ግን አንዳንዱ ይገለብጠዋል፣ አንዳንዱ አይገለብጠውም። በብዙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የቤተሰብ ስም ከፊርማው ላይ በትልልቅ ፊደላት ስለሚጻፍ እሱን ማየት ይረዳል። አይስላንዳውያን ደግሞ አብዛኞቹ የቤተሰብ ስም ስለሌላቸው ሁሉም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሳይቀር፣ በራሱ ስም ነው የሚጠራው።

በስም መጠራራቱም ቢሆን እንደየአገሩ ነው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1967 የሕክምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ብሮር ሬክሴድ ሠራተኞቹን ሁሉ በስማቸው እንደሚጠራ አስታወቀ፤ እርምጃው ማዕረግ የመጥራት ልማድ ከዚያ አገር በፍጥነት የጠፋበት ለውጥ ምልክት ሆነ። ስለዚህ ለስዊድናዊ ባልደረባ «ሚስተር» ማለት እርስዎ ካሰቡት በላይ ያርቀዋል። ለጃፓናዊ ባልደረባ «ዲር ታናካ-ሳን» ብሎ መጻፍ በእንግሊዝኛ ኢሜይልም የተለመደና የሚወደድ ነው፤ «ሳን» ከስም በኋላ የሚጨመር የጃፓንኛ የአክብሮት ቃል ነው፤ ለሌላ ሰው ብቻ ነው፣ ለራስ አይጨመርም። ጀርመናዊ ባልደረባ በመጀመሪያው ኢሜይል «ሚስተር» ወይም «ዶክተር» ቢባል ደስ ሊለው ይችላል፤ ሲመልስ ግን በስሙ ብቻ ከፈረመ ጨዋታው ተቀይሯል።

ፊርማውን ማየት ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ነው። አድራሻዋ ካትሪን ቢልም «ኬት» ብላ ከፈረመች «ሃይ ኬት» ይበሏት። «ካትሪን» ብላ የፈረመችውን ግን በራስዎ ፈቃድ «ኬት» አያድርጓት።

ለብዙ ሰው ሲጻፍ

ሦስት ሰው ድረስ ስማቸውን መጥራት ያምራል፦ «ሃይ ሊንዳ፣ ማርክ ኤንድ ዴቪድ»። ቅደም ተከተሉ ካስጨነቀዎት በፊደል ተራ ያድርጉት። በግልባጭ የገቡት ሰዎች ሰላምታ አይጠብቁም። ለሁለት ሰው ብሪታንያውያን «ሃይ ቦዝ» ይላሉ።

ከዚያ በላይ ሲሆን «ሃይ ኤቭሪዋን» እና «ሃይ ኦል» ይወዳደራሉ። እኔ «ኤቭሪዋን» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «ኦል» አጭርና ምንም የማይወጣለት ቢሆንም ትንሽ የማስታወቂያ ሰሌዳ ድምፅ አለው። «ሃይ ቲም» አብሮ ለሚሠራ ቡድን፣ በተለይ ከቡድኑ መሪ ሲመጣ ጥሩ ነው፤ ከሌላ ክፍል ሆነው የሚጽፉ ከሆነ የየትኛው ክፍል ቡድን እንደሆነ ቢጨምሩበት ይሻላል። «ዲር ኮሊግስ» በአውሮፓና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች የታወቀ ነው፤ አሜሪካዊ ጆሮ ግን ብዙም አይለምደውም። «ፎክስ»፣ «ሰዎች» እንደማለት ነው፣ ለአሜሪካውያን ወዳጃዊ ነው።

«ጋይዝ»፣ በመነሻው ወንዶችን የሚጠራ ቃል፣ አከራካሪ ነው። ብዙ ሰው ወንድ ሴት ሳይለይ ይጠቀምበታል፤ ሴቶች ባሉበት የማይወዱትም ብዙ ናቸው። አማራጭ ሞልቶ ሳለ የማያስፈልግ ክርክር መግዛት ነው። «ጀንትስ» እና «ሌዲስ» ከዚያ የባሱ ስለሆኑ ይለፏቸው።

ቻት ላይ

በስላክ ወይም በቲምስ ሰላምታ ብቻውን ተልኮ መልስ መጠበቅ ትልቁ ጥፋት ነው። «ሃይ ሊንዳ» ብለው ልከው ዝም ካሉ፣ ሊንዳ ሥራዋን አቋርጣ ምን ሊመጣ ነው ብላ ትጠብቃለች፤ «ሃይ» ብላ ትመልሳለች፤ «ሃው አር ዩ» ይሏታል፤ እንዲህ እየተባለ ሩብ ሰዓት ያልፋል። ይህን የሚቃወሙ ሰዎች «ኖ ሄሎ» የሚል መፈክር እስከማውጣት ደርሰዋል። መፈክሩ ሰላምታ ይቅር ማለት አይደለም፤ ሰላምታውና ጥያቄው በአንድ መልእክት ይግቡ ነው። «ሃይ ሊንዳ፣ የመጋቢትን ሪፖርት የመጨረሻ ቅጂ እየፈለግሁ ነበር፤ አንቺ ጋ ይኖራል?» የሚለውን በእንግሊዝኛ አድርገው በአንድ ጊዜ ይላኩት፤ እሷም ስትችል ትመልሳለች።

ሰላምታ መተው ይቻላል?

ይቻላል፣ በመሐል። በአንድ ቀን ውስጥ በሚመላለስ ኢሜይል የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት መልእክቶች ሰላምታ ካላቸው የቀሩት አያስፈልጋቸውም፤ በየመልሱ «ሃይ ማርክ» ማለት ራሱ ያሰለቻል። ንግግሩ ለቀናት ተቋርጦ ሲቀጥል ግን እንደ አዲስ ሰላም ይበሉ። የመጀመሪያውን መልእክት ያለ ሰላምታ መጀመርን አልመክርም፤ ስሙን ብቻ ጠርቶ ኮማ ማድረግም እንዲሁ። «ማርክ፣» ብሎ የጀመረ መልእክት አንዳንድ ሰው ልማዱ ስለሆነ ብቻ ቢጽፈውም፣ ብዙ አንባቢ ከኋላው ቁጣ ይጠብቃል።

ጆአን ዋልድፎገል የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በኒው ዚላንድ የሁለት መሥሪያ ቤቶችን ኢሜይሎች አወዳድረው ነበር። አንደኛው የትምህርት ተቋም ነው፤ መዋቅሩ ተቀይሮ ሠራተኛው ቅር በተሰኘበት ጊዜ ነበር፤ እዚያ ሰላምታ በብዛት አይጻፍም። ሁለተኛው ፋብሪካ ነው፤ ሠራተኛውና አመራሩ ይግባባሉ፤ ሰላምታውም በአብዛኛው ኢሜይል ላይ አለ። ከዚህ ተነሥቶ ሰላምታ መጻፍ ቢሮን ያስታርቃል ማለት አይቻልም። አዲስ መሥሪያ ቤት ሲገቡ ግን የራስዎን ደንብ ይዘው ከመሄድ በፊት የሌሎቹን መልእክቶች ማንበብ እንደሚበጅ ያሳያል።

ከሰላምታው ቀጥሎ

«አይ ሆፕ ዚስ ኢሜይል ፋይንድስ ዩ ዌል» ስሕተት የለበትም፤ ብቻ ማንም አያነበውም። በየቀኑ ለሚያገኙት ባልደረባማ ያስቃል። «ሃው አር ዩ?» በእንግሊዝኛ ኢሜይል ውስጥ መልስ የሚጠበቅበት ጥያቄ አይደለም፤ ደጋግመው የቤተሰብና የጤና ጥያቄ ቢያስከትሉበት ተቀባዩ ዋናው ጉዳይ የት እንዳለ ይጠፋበታል። ሞቅ ማድረግ ከፈለጉ ከእሱ ጋር ብቻ የሚገጥም ነገር ይበሉ፤ ትናንት ስለላከው ፋይል ማመስገን፣ ከዕረፍት ስለ መመለሱ አንድ ሐረግ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ።

በሁለት ሰላምታዎች መካከል ሲያመነቱ ለመጀመሪያው መልእክት ራቅ የሚለውን ይምረጡ፤ ሰውየው ሲመልስ የተጠቀመውን አይተው በሚቀጥለው ወደ እሱ ይውረዱ። ከ«ዲር ዶክተር ብራውን» ወደ «ሃይ ዴቪድ» መውረድ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ መመለሱ ግን ጠብ ካልተነሣ በቀር አይደረግም። ስሙን ደግሞ ከመጻፍ ይልቅ ከፊርማው ላይ ገልብጠው ይለጥፉት፤ ሣራን በእንግሊዝኛ በሁለት ዓይነት የሚጽፉ አሉ፣ መጨረሻዋ ላይ አንድ ፊደል ያላትና የሌላት፣ ሁለቱም ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል።